በሃይብሪድ መኪና ፍሬን በድንገት ሲከዳ፦ «በጠሰ» ማለት ትክክል ነው?

ቁልቁለት (የክሩ ጀማሪ)

ጤና ይስጥልኝ። በዚህ መድረክ ለረጅም ጊዜ አንባቢ ብቻ ሆኜ ቆይቻለሁ፤ ዛሬ ግን በራሴ ላይ የደረሰውን ጽፌ የምታውቁትን እንድታካፍሉኝ ፈለግሁ። የማሽከረክረው ከአሥር ዓመት በላይ ያገለገለ ሃይብሪድ (በነዳጅ ሞተርና በኤሌክትሪክ ሞተር የሚሠራ) መኪና ነው። የአምራቹን ስም የማልጠቅሰው ጥፋቱ የማን እንደሆነ ሳላረጋግጥ ስም ማጥፋት ስለማልወድ ነው።

ነገሩ የጀመረው በትንሹ ነበር። ለስለስ አድርጌ ፍሬን እንደያዝኩ አንዱ ጎማ ጉድጓድ ሲመታ መኪናው ለቅጽበት የተለቀቀ፣ እንዲያውም ወደ ፊት የተገፋ ይመስለኝና ወዲያው ተመልሶ ይይዛል። ይህንን ለወራት ችላ አልኩት። ባለፈው ሳምንት ግን ረጅም ቁልቁለት እየወረድኩ፣ ፍጥነቴ በሰዓት 50 ኪሎ ሜትር ገደማ ሳለ፣ የማያቋርጥ የማስጠንቀቂያ ጩኸት ተሰማና ቀዩ የፍሬን መብራት ከቢጫዎቹ ጋር አብሮ በራ። ፔዳሉን ስረግጠው ደረቀብኝ፤ የረገጥኩትን ያህል መኪናው አልታዘዘም። ደጋግሜ ረገጥኩት፤ በረገጥኩት ቁጥር እየባሰበት ሄደ። በመጨረሻ የቆምኩት በግራ እግር የሚረገጠውን የማቆሚያ ፍሬን ቀስ በቀስ ተጭኜ ነው። ከቆምኩም በኋላ ጉልበቴ እየተንቀጠቀጠ ከመኪናው ለመውረድ ጊዜ ወሰደብኝ።

መኪናውን ያየው ጋራዥ ጎማዎቹን ፈትቶ፣ ሸራው ገና ወፍራም መሆኑን፣ ዲስኩ አለመበላቱን፣ የፍሬን ዘይቱም ሙሉ መሆኑን አሳይቶኝ «ምንም የለበትም፤ ፍሬን በጥሶ ቢሆን ኖሮ ዘይት ይፈስ ነበር» ብሎ መለሰልኝ። ዘይት ሳይፈስና ሸራ ሳያልቅ ፍሬን ሊከዳ የሚችለው እንዴት ነው? በዚያች ቅጽበትስ ማድረግ የነበረብኝ ምን ነበር?

የሃይድሮሊክ ሰው

እንኳን በሰላም ቆሙ። ጋራዡ የነገረዎት ለተለመደው መኪና እውነት ነው፤ ለሃይብሪድ ግን ግማሽ እውነት ነው። «ፍሬን በጠሰ» የሚለው አነጋገራችን የመጣው ቧንቧ ሲቀደድ፣ ዘይቱ መሬት ላይ ሲፈስና ፔዳሉ ወለል ሲነካ ከምናየው ነገር ነው። በእርስዎ ላይ የደረሰው የዚህ ተቃራኒ ነው፤ ፔዳሉ አልሰመጠም፣ ደረቀ እንጂ።

በተለመደው መኪና የእግራችንን ጉልበት የሚያግዘው ሞተሩ በሚፈጥረው የአየር መሳብ የሚሠራው ሰርቮ ነው። ሃይብሪድ መኪና እየሄደም ቢሆን ሞተሩን ስለሚያጠፋ በዚህ እገዛ ሊተማመን አይችልም። ከዚህ በላይ ደግሞ ፍሬኑ አንድ ሳይሆን ሁለት ነው፦ አንደኛው የኤሌክትሪክ ሞተሩ ወደ ጄኔሬተርነት ተለውጦ የመኪናውን ሩጫ ወደ ባትሪ የሚመልስበት፣ ሁለተኛው ሸራና ዲስክ የሚፋጩበት። እርስዎ ፔዳሉን ሲረግጡ ኮምፒውተሩ የፈለጉትን ያህል መቀነስ ለሁለቱ ያከፋፍላል። በዚህም ምክንያት በብዙዎቹ ሃይብሪዶች እግርዎ ላይ የሚሰማዎት መቋቋም ሸራውን የሚገፋው ዘይት አይደለም፤ የፔዳል ስሜት እንዲመስል ተብሎ የተሠራ ስፕሪንግና ላስቲክ ነው።

ሸራውን በትክክል የሚገፋው ጫና የሚመጣው ከሌላ ቦታ ነው። አንድ የኤሌክትሪክ ፓምፕ የፍሬን ዘይትን አኩሙሌተር ወደሚባል ጠንካራ ዕቃ ይገፋዋል፤ በዕቃው ውስጥ የታመቀ ናይትሮጅን አለ፣ ዘይቱም እሱን እየተጫነ ይጠራቀማል። ጫናው በመኪና ጎማ ውስጥ ካለው የነፋስ ጫና ከ50 እጥፍ በላይ ነው። ኮምፒውተሩ ይህንን በቫልቮች እየመጠነ ለጎማዎቹ ያድላል። እንግዲህ ከቫልቮቹ አንዱ ሲያረጅ ዘይቱ ከጫናው ክፍል አምልጦ ወደ ማጠራቀሚያው ይመለሳል። ከመኪናው ውጭ ጠብታ አይወርድም፣ የማጠራቀሚያው ልክም አይጎድልም፤ የጠፋው ዘይቱ ሳይሆን ጫናው ነው። ጋራዡ የመረመረው ዘይቱን ነው፤ ጫናውን የመረመረው የለም።

መኪናው ጫናውን ሲያጣ ያለ ፍሬን አይቀርም። ቫልቮቹ ኃይል ሲቋረጥባቸው ከፔዳሉ ወደ ጎማው የሚወስደውን ቀጥተኛ መንገድ እንዲከፍቱ ተደርገው ተሠርተዋል። በ2004 ሞዴል በወጣው ሁለተኛው ትውልድ ቶዮታ ፕሪየስ፣ ለምሳሌ፣ በዚህ ሁኔታ የእግር ጉልበት የሚደርሰው ለሁለቱ የፊት ጎማዎች ብቻ ነው። ያው መኪና የ12 ቮልቱ መስመር ቢቋረጥ ፍሬኑ ወዲያው እንዳይከዳ 28 ካፓሲተሮች የያዘ የመጠባበቂያ ኃይል ተሰጥቶታል። ስለዚህ እርስዎ ያገኙት እንደ ድንጋይ የደረቀ ፔዳል እገዛ የሌለው እውነተኛው ፍሬን ነው፤ በጣም ከባድ ነው እንጂ አለ።

ሠላሳ ዓመት መሪ ላይ

ይቅርታ ይደረግልኝና እኔ በዚህ አልስማማም። ፍሬን እምቢ አለ ከሚሉ አሥር ሰዎች ዘጠኙ ምንጣፍ ወይም የውሃ ጠርሙስ ፔዳል ሥር የገባባቸው፣ አለዚያም በድንጋጤ ነዳጅ የረገጡ ናቸው። መኪናው ጥፋት ቢኖርበት ጋራዡ ያገኝ ነበር።

የሃይድሮሊክ ሰው

ምንጣፉንና ጠርሙሱን መፈተሽ ተገቢ ነው፤ ምንጣፍ ግን ቀይ መብራት አያበራም፣ ጩኸትም አያሰማም። ኮምፒውተሩ ራሱ ጫና እንደጎደለ ከመሰከረ ሾፌሩን ከመውቀሳችን በፊት እሱን እንስማው።

የመዝገብ አገላባጭ

ጠያቂው ሁለት የተለያዩ ነገሮችን በአንድ ስም ጠርተዋል፤ ለሁለቱም በይፋ የተመዘገበ ታሪክ አለ። የማነሳቸው አምራቾች የእርስዎን መኪና ሠርተዋል ለማለት ሳይሆን ችግሩ የታወቀ መሆኑን ለማሳየት ነው።

የመጀመሪያው ጉድጓድ ላይ የሚሰማው መለቀቅ ነው። በየካቲት ወር 2010 እ.ኤ.አ. ቶዮታ አዲሱን ፕሪየስ ጨምሮ በዓለም ዙሪያ 437,000 ገደማ ሃይብሪዶችን ለጥገና የጠራው በዚሁ ምክንያት ነው። ጎማው በሸካራ ወይም በሚያንሸራትት መንገድ ሲንሸራተት ኤ ቢ ኤስ (ፍሬን ሲያዝ ጎማው እንዳይቆለፍ የሚከላከለው ሥርዓት) ጣልቃ ይገባል፤ በዚያን ጊዜ ሥራው ከጄኔሬተሩ ወደ ሸራው ይዛወራል፤ በዝውውሩ መካከል ሾፌሩ ፍሬኑ ያመለጠው የሚመስልበት ክፍተት ይፈጠር ነበር። የተለወጠ ዕቃ አልነበረም፤ የተስተካከለው የኮምፒውተሩ ፕሮግራም ብቻ ነው። በዚያው ወር ፎርድም ለ17,600 ገደማ የፊውዥንና የሜርኩሪ ሚላን ሃይብሪዶች የፕሮግራም ማስተካከያ አቅርቧል፤ በእነሱም ላይ መኪናው ወደ ተለመደው ፍሬን ሲሸጋገር ሾፌሩ ፍሬን ያጣ ይመስለው ነበር።

ሁለተኛው፣ ቁልቁለቱ ላይ እንደደረሰብዎት፣ ከአኩሙሌተሩ ጫና ጋር የተያያዘ ነው፤ የፔዳሉ ስሜት ግን ይለያል። በሰኔ 2013 እ.ኤ.አ. ቶዮታ ከመጋቢት እስከ ጥቅምት 2009 የተመረቱ 242,000 ገደማ ፕሪየስና ሌክሰስ ኤች ኤስ 250 ኤች መኪናዎችን ጠርቷል። በአኩሙሌተሩ ውስጥ ናይትሮጅኑን ከዘይቱ የሚለየው ስስ ብረት ሊሰነጠቅ ይችል ነበር፤ ጋዙ ዘይቱ ውስጥ ሲገባ ፔዳሉ ቀስ በቀስ ወደ ታች እየራቀ የሚሄድበት ሁኔታ ይፈጠራል። የሃይድሮሊክ ሰው እንዳሉት፣ ይህም ቢሆን ከውጭ የሚታይ ፍሳሽ የለውም።

ስለ «ከባዱ ፍሬን» አንድ ነገር ልጨምር፤ ብዙ ሰው የማያስበው እዚህ ላይ ነውና። የተባበሩት መንግሥታት የተሽከርካሪ ደንብ ቁጥር 13-ኤች ጤነኛ የቤት መኪና በሰዓት 100 ኪሎ ሜትር ሲሄድ ቢበዛ በ70 ሜትር ውስጥ እንዲቆም ይጠይቃል። የፍሬኑ አንድ ክፍል ሲበላሽ ግን የሚፈቀደው እስከ 168 ሜትር ነው፤ ለዚያም ሾፌሩ እስከ 500 ኒውተን፣ ማለትም ሃምሳ ኪሎ በሚያህል ጉልበት እንዲረግጥ ይጠበቃል። ያንኑ ቀመር እርስዎ በነበሩበት 50 ኪሎ ሜትር ብናሰላው ለጤነኛው 20 ሜትር፣ ለተጎዳው ደግሞ 44 ሜትር ተኩል ይመጣል፤ እሱም ደልዳላ መንገድ ላይ ነው። ስለዚህ «መኪናው አልቆም አለ» ያሉት አልተሳሳቱም፣ «ፍሬኑ አለ» ያሉትም አልተሳሳቱም። ሁለቱንም አንድ ላይ እውነት የሚያደርጋቸው ከሃያ እስከ አርባ አራት ያለው ርቀት ነው።

ቁልቁለት

ሁላችሁንም አመሰግናለሁ። የሃይድሮሊክ ሰው ስለ ፓምፑ የጻፉትን ካነበብኩ በኋላ ማታ ጸጥ ሲል መኪናው ውስጥ ገብቼ፣ ቁልፉን አብርቼ፣ እግሬን ከፔዳሉ አርቄ ተቀመጥኩ። ከሞተሩ ክፍል «ዝዝዝ» የሚል አጭር ድምፅ ይመጣል፤ ይቆማል፤ ይመለሳል። በስልኬ ሰዓት ብለካው በአማካይ በየ12 ሴኮንዱ ነው። ይህንን ድምፅ ለአንድ ዓመት ያህል ስሰማው ኖሬአለሁ፤ ግን የመኪናው ባሕርይ ነው ብዬ ትቼው ነበር። ጤናማ ነው?

የጋራዥ ልጅ

አይደለም። እንዲያውም ፓምፑ ራሱ እየነገረዎት ነበር። ጤነኛ ሲሆን አኩሙሌተሩን አንዴ ሞልቶ ዝም ይላል፤ ፔዳሉን ጥቂት ጊዜ ረግጠው ጫናው ሲቀንስ ብቻ ይነሣል። ማንም ሳይነካው በየ12 ሴኮንዱ የሚነሣ ፓምፕ የሚሞላው ቀዳዳ ያለበትን እንስራ ነው። አንድ ቀን ፓምፑ ራሱ ይደክማል፣ ወይም ፍሳሹ ከፓምፑ ዐቅም ይበልጣል፤ ቁልቁለት ላይ ፍሬን ሲበዛ ደግሞ ያ ቀን ይደርሳል።

መኪናው እስኪሠራ ድረስ እንዳያሽከረክሩት እለምንዎታለሁ፤ አስጎትተው ይውሰዱት። የሚወስዱበት ቦታ የፍሬን ኮምፒውተሩን የሚያነብ መሣሪያ ያለው መሆን አለበት፤ የሞተር ኮድ ብቻ የሚያነበው ርካሹ መሣሪያ ባዶ ሊያሳይ ይችላል። መለያ ቁጥሩ በየአምራቹ ይለያያል፤ በብዙ የቶዮታ ሃይብሪዶች ለምሳሌ ሲ1391 ከአኩሙሌተሩ ያልተለመደ የጫና መፍሰስን፣ ሲ1252 ፓምፑ ከሚገባው በላይ ለረጅም ጊዜ መሥራቱን፣ ሲ1256 የአኩሙሌተሩ ጫና መውረዱን ያመለክታሉ። የመጀመሪያዎቹ ሁለቱ አብረው ሲመጡ አብዛኛውን ጊዜ ጥፋቱ ውስጣዊ ፍሳሽ ነው። ዕቃውን ከመግዛትዎ በፊት ግን የትንሿ የ12 ቮልት ባትሪ ቮልቴጅ ይለካ። ፓምፑም ቫልቮቹም ኮምፒውተሩም የሚኖሩት በእሷ ላይ ስለሆነ፣ ደካማ ባትሪ የሌለ በሽታ መብራት ሲያበራ ብዙ ጊዜ አይቻለሁ።

ለሙያ ባልደረቦቼ ደግሞ አንድ ነገር፦ እነዚህን መኪናዎች እንደ ተራ መኪና አትፈትቷቸው። በብዙዎቹ የሾፌሩ በር ሲከፈት ኮምፒውተሩ ነቅቶ ፓምፑን ያስነሣል። ካሊፐሩን (ሸራውን ዲስኩ ላይ የሚጫነውን ዕቃ) አውርጄ ሸራ ስቀይር አንድ ሰው ዕቃ ፈልጎ በሩን ከፈተ፤ ፒስተኑ ዐይኔ እያየ ወጣ፣ ጣቴን የሳብኩት በሴኮንድ ሽርፍራፊ ነው። ከዚያ ወዲህ ሥራውን የምጀምረው የአምራቹን መመሪያ ተከትዬ ሲስተሙን ካስተኛሁ በኋላ ነው። ዘይት ሲቀየርና አየር ሲወጣም ቫልቮቹን በየተራ የሚከፍተው መሣሪያው ነው፤ ፔዳል በማስረገጥ ብቻ አየር ይወጣል ብሎ መኪናውን ለባለቤቱ መመለስ ሌላ አደጋ መፍጠር ነው።

ሠላሳ ዓመት መሪ ላይ

የ12 ሴኮንዱን ድምፅ ካነበብኩ በኋላ ንግግሬን አነሣለሁ። ነገር ግን አንድ ጥያቄ አለኝ። እኛ የተማርነው ፍሬን ሲከዳ ፔዳሉን ደጋግሞ መርገጥ፣ ማርሽ መቀነስና የእጅ ፍሬን መያዝ ነው። እዚህ ደግሞ ጠያቂው ሲደጋግሙት ባሰባቸው። ታዲያ የቱ ነው ትክክሉ?

የሃይድሮሊክ ሰው

ወሳኙ ጥያቄ ይህ ነው። መልሱን የሚነግርዎት እግርዎ ነው። ፔዳሉ ለስልሶ ወደ ወለሉ የሚሰምጥ ከሆነ በመስመሩ ውስጥ አየር ወይም ትነት አለ፣ ወይም ዘይት ወጥቷል፤ እዚያ ላይ ቶሎ ቶሎ መርገጥ የተወሰነ ጫና ሊመልስ ይችላል፤ የድሮው ትምህርትም የተወለደው ከዚህ ነው። ፔዳሉ የሚደርቅ ከሆነና መብራትና ጩኸት ካለ ግን የጠፋው እገዛው ነው፤ በአኩሙሌተሩ የቀረችው ጥቂት ጫና በእያንዳንዱ መልቀቅና መርገጥ ትባክናለች። ስለዚህ አንዴ፣ ባለዎት ጉልበት ሁሉ፣ ጀርባዎን ወንበሩ ላይ አስደግፈው መርገጥና እስኪቆሙ አለመልቀቅ ነው። ፔዳሉ ከለመዱት በላይ ጠልቆ ቢሄድም አይደንግጡ፤ እውነተኛው ፍሬን ያለው እዚያ ነው።

ከዚያ ጎን ለጎን የማቆሚያው ፍሬን አለ። በእጅ የሚሳብ ከሆነ ቁልፉን በአውራ ጣት ተጭኖ በመያዝ ቀስ በቀስ መሳብ ነው፤ በአንዴ ከተሳበ የኋላ ጎማዎች ተቆልፈው መኪናው ሊዞር ይችላል። በኤሌክትሪክ የሚሠራ ከሆነ በብዙ መኪናዎች ማብሪያውን ሳይለቁ ይዞ መቆየት ኮምፒውተሩ ራሱ መጥኖ እንዲያቆም ያዝዘዋል።

«ማርሽ መቀነስ» የሚለው በሃይብሪድ ላይ ትርጉሙ ይለወጣል፤ በማርሹ ላይ «ቢ» የሚል ምልክት (ቁልቁለት ላይ በሞተሩ ፍጥነት የሚቀነስበት) ካለ ወደ እሱ ማስገባት ነው። ወደ «ኤን» (ፍሪ) ማስገባት ግን ትልቅ ስሕተት ነው፤ ጄኔሬተሩ የሚሰጠውን ቅነሳ በገዛ እጅ መተው ይሆናል። የማብሪያ ቁልፉን ተጭኖ መኪናውን ማጥፋትም እንዲሁ፤ ነዳጁ ተጣብቆ መኪናው በራሱ ሲሮጥ የሚጠቅመው ዘዴ እዚህ ላይ የቀረውን እርዳታ ይነጥቃል።

መሐንዲስ ነኝ ባይ

ስለ ቁልቁለቱ ማንም ስላላነሣ ጥቂት ቁጥር ልጨምር። 1,500 ኪሎ ግራም የሚመዝን መኪና ከፍታው 500 ሜትር የሆነ ቁልቁለት ሲወርድ የሚለቀው ጉልበት 2 ኪሎዋት ሰዓት ያህል ነው። የሁለተኛውና የሦስተኛው ትውልድ ፕሪየስ ዋና ባትሪ በጠቅላላው 1.3 ኪሎዋት ሰዓት ነው፤ ዕድሜው እንዲረዝምም ኮምፒውተሩ ከ80 በመቶ ገደማ በላይ እንዲሞላ አይፈቅድለትም። ባትሪው ግማሽ ሆኖ ቁልቁለቱ ቢጀመር የሚቀረው ቦታ 0.4 ኪሎዋት ሰዓት አይሞላም። ከነፋስና ከጎማ መቋቋም በኋላ የቀረው ጉልበት ሁሉ ወይ በ«ቢ» ሞተሩን በማሽከርከር ይባክናል፣ ወይ በሸራውና በዲስኩ ላይ ሙቀት ይሆናል። ቁልቁለቱ አናት ላይ እንደ ቅቤ ይሠራ የነበረው ፍሬን ከመካከል ጀምሮ ባሕርዩ የሚለወጥባቸው ሰዎች የሚያማርሩት ይህንን ነው። መኪናው አልተበላሸም፤ ባትሪው ጠግቧል።

እዚህ ላይ የዘይቱ ዕድሜ ይመጣል። የሃይብሪድ ሸራ ቶሎ ስለማያልቅ ባለቤቱ ወደ ጋራዥ የሚሄድበት ምክንያት ያጣል፤ ዘይቱ ግን ሸራው አላለቀም ብሎ አይጠብቅም፣ ከአየሩ እርጥበት ይጠጣል። ዶት 3 የሚባለው ዘይት አዲስ ሲሆን ቢያንስ እስከ 205 ዲግሪ ሴንቲግሬድ ሳይፈላ መቆየት ይጠበቅበታል፤ እርጥበት ሲጠጣ የሚጠበቅበት 140 ብቻ ነው። ዶት 4 ደግሞ ከ230 ወደ 155 ይወርዳል። በፈላ ዘይት ውስጥ ያለው ትነት ሲረገጥ ይጨመቃል እንጂ ሸራ አይገፋም። ካሊፐሩ ያለ ሥራ ተቀምጦ የሚዝገውና ፒኑ የሚጣበቀውም በዚሁ ምክንያት ነው፤ ለመኪናው አዘንኩ ብሎ ፍሬን ያላስፈተሸ ሰው ሸራው ሳያልቅ ፍሬኑ ያልቅበታል።

ቁልቁለት

የዘገየሁት መኪናው ጋራዥ ስለነበረ ነው። ተጎትቶ የሄደበት ሌላ ጋራዥ የፍሬን ኮምፒውተሩን አንብቦ፣ የጋራዥ ልጅ እንደገመቱት፣ ውስጣዊ የጫና ፍሳሽ መሆኑን አረጋገጠ፤ የ12 ቮልቱ ባትሪ ጤነኛ ነበር። ቫልቮቹን የያዘው ክፍል ሙሉ በሙሉ ተቀየረ፣ አየሩም በመሣሪያው ትእዛዝ ወጣ። የወጣውን አሮጌ ዘይት በጠርሙስ አሳዩኝ፤ ከረጅም ጊዜ በፊት የፈላ ሻይ ይመስል ነበር። አንዱ የኋላ ካሊፐር ፒንም ተጣብቆ ስለተገኘ ተፈትቶ ጸድቷል።

የጉድጓዱ ነገር ግን ሙሉ በሙሉ አልቀረም። ቀንሷል፤ ሆኖም አሁንም አልፎ አልፎ ቅጽበታዊ መለቀቅ ይሰማኛል።

የመዝገብ አገላባጭ

የሻሲ ቁጥሩን ለአምራቹ ወኪል ሰጥተው ያልተጫነ የፕሮግራም ማስተካከያ ወይም ያልተፈጸመ የጥሪ ጥገና እንዳለ ይጠይቁ፤ መኪናው እጅ የቀያየረ ከሆነ የቀድሞው ባለቤት ሳያስፈጽመው ቀርቶ ሊሆን ይችላል። ከዚያ በኋላም ጥቂቱ ሊቀር ይችላል፤ የሥራ ዝውውሩ የአሠራሩ አካል ነውና። በዚያች ቅጽበት እግርዎን አያንሡ፤ ጠበቅ አድርገው ይርገጡት።

ቁልቁለት

የሻሲ ቁጥሩን ዛሬ ሰጥቻለሁ፤ መልሱን ስሰማ እዚሁ እጽፋለሁ። ትናንት ማታ ደግሞ እንደዚያን ቀን መኪናው ውስጥ ተቀምጬ፣ ቁልፉን አብርቼ፣ እግሬን ከፔዳሉ አርቄ በስልኬ ሰዓት ለካሁ። ፓምፑ መጀመሪያ ሞላና ዝም አለ። ስድስት ደቂቃ ጠበቅኩ፤ አንዴም አልተነሣም። ከዚያ ፔዳሉን ረገጥኩት፤ አንድ፣ ሁለት፣ ሦስት። በአራተኛው «ዝዝዝ» አለና ቆመ።